ሃያ ሦስት ተኩል

ቡሬ፣ ኅዳር 11 ቀን

ውድ ጋሼ፣

ጤናዎን በወረቀት አልጠይቅዎትም። ልጅዎን አይናለምን በየሳምንቱ እየደወልኩ እጠይቃታለሁ፤ ጉልበትዎ ብርድ ሲሆን እንደሚያስቸግርዎ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ እንደሚቀመጡ ትነግረኛለች። ዓይንዎ ጽሑፍ እንቢ ካለዎት ወዲህ ደብዳቤ የምታነብልዎ እሷ መሆኗንም አውቃለሁ። ስለዚህ አይናለም፣ እባክሽ አንድም መስመር እንዳትዘልዪብኝ። የሚያሳፍረኝ ቦታ ስትደርሺም ለእኔ አዝነሽ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም ጋሼ። የደንበኛዎ የሾፌሩ የክንዱ አውቶቡስ ሞተር አልቋል ብዬ በሰው ፊት የፈረድኩት በስህተት ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። እጅዎ አልደከመም። ይህን ካወቅኩ ሰባት ወር ሆኖኛል፤ ሰባቱንም ወር ዝም ብዬ በእርስዎ ጋራዥ ውስጥ እንጀራዬን በላሁ።

ከፍኖተ ሰላም የመጣሁበት ዕለት ትዝ ይልዎት ይሆን? ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ የቡሬን ጋራዦች አንድ በአንድ አዳርሼ ነበር። አንዱ ሻይ ልሸጥ የመጣሁ መስሎት ስኳር እንዳላበዛበት ነገረኝ። ሌላው ሴት ብቀጥር ሚስቴ ትቆጣኛለች አለኝ፤ ሚስት እንደሌለው በኋላ ሰማሁ። እርስዎ ግን ዲፕሎማውን ዞር ብለውም አላዩት። አንድ የጭነት መኪና አስነሥተው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ምን እንደምሰማ ጠየቁኝ። ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማኝ አልኩ። ሳቁና፣ እውነቱን የሚናገር ሰው ይማራል ብለው በማግስቱ እንድመጣ አዘዙኝ። አምስት ዓመት አስተማሩኝ። በልጅነትዎ ዜማ ቤት ቆይተዋልና አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ሲዘገይ “ይሄኛው ከማኅሌቱ ወጥቷል” ይሉ ነበር። እኔ ግን ማኅሌቱን ሳልሰማ ቀረሁ፤ አጎንብሼ የምሰማ እየመሰልኩ ያታለልኩዎት ቀን ብዙ ነው። እንደማይገባኝ መናገር አፈርኩ። እውነቱን ስለተናገረች ተብላ የተቀጠረች ልጅ እንዲህ ሆነች።

ባሕር ዳር ለሁለት ወር ሥልጠና የላኩኝም እርስዎ ነዎት። ከዚያ ስመለስ የኮምፕረሽን መለኪያውን ይዤ መጣሁ፤ ያንን ጌጅ። የዳንኩ መሰለኝ። ከእንግዲህ መስማት ሳይሆን ማንበብ ነው አልኩ በልቤ።

አይናለም የሞተር ነገር ስለማታውቅ ትንሽ ላስረዳት፤ እርስዎ ይታገሡኝ። የናፍጣ ሞተር እሳቱን የሚያገኘው አየር ጨምቆ ነው። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ያፈነውን አየር ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ይቀጣጠላል። ጭመቃው ካነሰ ሞተሩ ይሰንፋል። ጌጁን በየሲሊንደሩ ቀዳዳ አስረሽ ሞተሩን በባትሪ ጉልበት ብቻ ስታዞሪው፣ ምን ያህል እንደጨመቀ ባር በሚባል የግፊት መስፈሪያ ቆጥሮ ያሳይሻል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከወረደ በሽታው የእሱ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገሽበት ቁጥሩ ብድግ ካለ ፒስቶኑን የታጠቁት ቀለበቶች፣ እኛ ፋሻ የምንላቸው፣ አልቀዋል ማለት ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ቫልቮቹን ጠርጥሪ። አባትሽ ይህን ሁሉ ያለ ጌጅ ያውቁት ነበር።

ከጌጁ ጋር አንድ ወረቀት ነበረኝ። ከማሠልጠኛው መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ያስደረግኩት ሰንጠረዥ ነው። እንደ ክንዱ መኪና ላለ ሞተር፣ አዲስ ሲሆን ሠላሳ ባር፣ ከሃያ አምስት ከወረደ ይከፈት ይላል። ያንን ወረቀት ላስቲክ አልብሼ እንደ ክታብ ደረት ኪሴ ውስጥ አኖርኩት።

ክንዱ የመጣው የዛሬ ሁለት ዓመት የካቲት ላይ ነው። ሞተሩን እርስዎ በእጅዎ ካደሱለት ገና አራት ወሩ ነበር። በነቀምት መንገድ ዳገት አልወጣ አለኝ፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል ብሎ ተማረረ። ጠዋት ነው፣ ግቢው በሾፌርና በመካኒክ ተሞልቷል። እርስዎ ኮፈኑን ከፍተው መስማት ሲጀምሩ እኔ ጌጄን ይዤ ደረስኩ። ሁሉም ከብቦ ሲያየኝ ደስ አለኝ፤ መደበቅ ምን ያደርጋል። ክንዱ ቁልፉን ያዞራል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሃያ ሦስት ተኩል። ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት ተኩል። ሃያ ሦስት ተኩል። ዘይት ጠብ አድርጌ ደገምኩት፤ አራቱም ትንሽ ከፍ አሉ። በናፍጣ ሞተር ላይ ዘይት ሲጨመር ቁጥሩ ጤነኛም ቢሆን ትንሽ ከፍ ማለቱ እንደማይቀር አላሰብኩም። ፋሻ ነው አልኩ። ወረቀቴን አውጥቼ ለክንዱ አሳየሁት።

“ጋሼ፣ ይሄ ሞተር አልቋል። ፋሻው አልያዘም።”

እርስዎ አልተቆጡም። ቁጥሮቹን እንድደግምልዎ ጠየቁኝ፤ ደገምኩልዎ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

“አራት በሬ ባንድ ቀን አይታመምም፣ ሰብሊ። አራቱም ከታመሙብሽ በሬዎቹን ተያቸውና ሳራቸውን እዪ።”

ያን ጊዜ ልክ እንደነበሩ የገባው ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ሊገባኝም አልፈለግኩም። ጌጁን ከፍ አድርጌ ይዤ መለስኩልዎ።

“ጋሼ፣ ጆሮ ያረጃል። ይሄ አያረጅም።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እርስዎ ጨርቅ አንሥተው እጅዎን ጠረጉ፤ ቆይተው ጠረጉት፤ ዘይት ያልነካውን መዳፍዎን ጭምር። ከዚያ “እንግዲህ እንዳልሽው ይሁን” ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ክንዱ መኪናውን ለእኔ ተወልኝ።

በሳምንቱ ጋራዡን ለቀቁልኝ። ያን ዕለት ቢሰድቡኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። እርስዎ ግን መረቁኝ። “ዓይኔ መድከሙን አውቅ ነበር፤ እጄ መድከሙን አላወቅሁም። ሰው ሳይጎዳብኝ ነገርሽኝ፤ እግዜር ይስጥሽ” አሉኝ። ከዚያ ሊበን ወደምትኖረው ወደ አይናለም ሄዱ።

ሞተሩን የከፈትኩት እርስዎ በሄዱ በሦስተኛው ቀን ነው። ፋሻዎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ለካሁ፤ እንደ አዲስ ናቸው። ሲሊንደሮቹን በባትሪ መብራት አየሁ፤ ሲታደሱ የተሠራባቸው መስቀለኛ ጭረት ገና አልጠፋም። እጄ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጋሼ ልክ ናቸው ይለኛል። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ያንኑ ቀን ስልክ አንሥቼ መደወል። እኔ ግን አዲስ ፋሻ ገጠምኩና ዘጋሁት። ስለካው ሃያ ሦስት ተኩል። እንደገና ለካሁ፤ ያው ሃያ ሦስት ተኩል። አዲሱ ፋሻ ገና ስላልተሟሸ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ፣ ጌጁን በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ክንዱን ተስተካክሏል አልኩት።

መኪናውም እንደ ጉድ ሄደ። ዳገቱን እየዘለለ ወጣ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ፦ ሞተሩን ስዘጋ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልትሮም ቀይሬው ነበር። አሮጌው ፊልትሮ በነቀምት መንገድ አቧራ ተደፍኖ የዱቄት ከረጢት መስሎ ነበር። ሳራቸውን እዪ ያሉኝ እሱን ነበር፤ ሊከፍቱት ሲሉ ነው እኔ በጌጄ የገባሁብዎት። በአንድ ፊልትሮ የሚድነውን መኪና አንጀቱን ዘርግፌ አዳንኩ ተባልኩ። ክንዱ በየደረሰበት አወራልኝ። ሰብሊ በቁጥር ነው የምትሠራ፣ እንደ ሌላው በግምት አይደለም ተባለ። ከፍኖተ ሰላምም ከደምበጫም ሰው መጣ። በዚያ ወረቀት ሌላ ሰባት ሞተር ፈረድኩ።

ያለፈው ሚያዝያ ላይ ክንዱ ከዓባይ ድልድይ አጠገብ፣ ከገደሉ ግርጌ ቆሞ ደወለልኝ። መኪናው መንገድ ላይ እየተንተፋተፈ ጠፍቶበታል። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወረድኩ። በረሃ ነው፤ ብረቱ እጅ ያቃጥላል። የናፍጣ ቱቦው ላልቶ አየር ገብቶበት ነበር፤ እሱን በግማሽ ሰዓት አበጀሁት። ግን ስጋት የማይለቀኝ ሰው ሆኜ ነበርና ኮምፕረሽኑንም ልይልህ አልኩት። ሃያ ሰባት አለ። ሁለተኛውም ሃያ ሰባት። አራቱም ሃያ ሰባት።

ጌጁ ተበላሸ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ቡሬ ግቢያችን ውስጥ፣ ያንኑ ሞተር በዚያው ጌጅ ለካሁት፤ ሃያ ሦስት ተኩል። አንድ ሞተር በአንድ ሌሊት አያረጅም። ባሕር ዳር አብራኝ ለሠለጠነች ልጅ ደውዬ መጽሐፉን እንድታይልኝ ለመንኳት። ከሰንጠረዡ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ላይ የተለኩ ናቸው፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ እንደ ከፍታው ይቀነሳሉ ይላል። እኔ ፎቶ ኮፒ ያስደረግኩት ሰንጠረዡ ያለበትን ገጽ ብቻ ነበር።

ለቡሬ ከፍታ አሰላሁት። ሠላሳው ሃያ ሦስት ተኩል ሆኖ ወጣ፤ ለዓባይ ግርጌ ደግሞ ሃያ ሰባት።

ያላለቀ ብቻ አይደለም ጋሼ። ልክ እንደ አዲስ ነበር። መጽሐፉ ራሱ እጅና እግር አውጥቶ ሞተር ቢያድስ ከዚያ የተሻለ አያድስም ነበር። ሞተር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ የእኛ አገር አየር ስስ ነው፤ እኔ ደግሞ የቆላ ቁጥር ይዤ የደጋ ሞተር ስከስ ኖርኩ። በሬዎቹ ጤነኛ ነበሩ። ፊልትሮውንም ሆነ አየሩን፣ ሁለቱንም ሳር አላየሁም። እርስዎ ስለ ባሕር ጠለል ላያውቁ ይችላሉ፤ አራቱ እኩል ከሆኑ ግን ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ጌጁ አልዋሸም። ቁጥርን ከቁጥር ማስተያየት ሲገባኝ ከወረቀት ጋር አስተያየሁት።

ታዲያ ለምን ያን ቀን አልጻፍኩም? ፈራሁ። ስሜ በበሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። እናቴ ፍኖተ ሰላም ላይ በልጇ ትኮራለች። ደግሞ ጋሼ ሥራ ትተው ተቀምጠዋል፣ አሁን ቢነገራቸው ምን ይጠቅማቸዋል እያልኩ ለራሴ እሰብክ ነበር። ሰው ራሱን ሲያታልል እንደ ቄስ ነው የሚናገረው። በስውር ግን የፈረድኩባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርኩ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አንዳንዱ ሳቀብኝ። ደምበጫ ያለ ያረጋል የሚባል ባለወፍጮ ግን አልቋል ባልኩት ጊዜ ሞተሩን ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሸጦት ነበር። ባዶውን የቆመበትን ቦታ አሳየኝና ውኃ አጠጣኝ። ለሰባቱም ተናገርኩ፤ ለክንዱ ግን ገና አልነገርኩትም ነበር። መጀመሪያ የበደልኩት እርስዎን ነው፤ እርስዎ ዘንድ መድረስ ነው ያቃተኝ።

ዝምታዬን የሰበረችው አይናለም ናት። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት፣ ሊበን ላይ ከቤታችሁ አጠገብ ያለው ወፍጮ ቆሞ ሰዎቹ እርስዎን ሊለምኑ እንደመጡ ነገረችኝ። ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ቀበሌ ድረስ እየሄደ ነው አሉ። እርስዎም ከበረንዳው ሳይነሡ “እኔ እጄ ያለቀ ሰው ነኝ፤ ሌላ ፈልጉ” አሏቸው። አይናለም ይህን ያወራችኝ እንደ ተራ ወሬ ነው፤ የማን ቃል እንደሆነ አታውቅም። አልቋል ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ ሞተር ያልኩትን እርስዎ ለእጅዎ ወስደው ሁለት ዓመት ሙሉ ይዘውት ኖረዋል። ስልኩን ዘግቼ ከጋራዡ መጠገኛ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከመኪና ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ክንዱን አስጠራሁት። ያን ዕለት በግቢው ውስጥ ከነበሩት ያገኘኋቸውንም ሰበሰብኩ፤ የሳቀውም ነበር። እዚያው ቦታ ላይ ሞተሩን ለካሁ፣ የተላከልኝን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ የከፈትኩት ሞተር ጤነኛ እንደነበር፣ አውቄም እንደደበቅኩ ተናገርኩ። ክንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

“ቁጥር አይዋሽም ብለሽኝ አልነበር?” አለኝ።

ቁጥሩማ አልዋሸም፣ እኔ ነኝ ማንበብ ያልቻልኩት አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣም ይገባዋል። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ፦

“እኔም በደለኛ ነኝ። ሃያ ዓመት መኪናዬን ሲጠግኑልኝ የኖሩትን ሰው ባንድ ወረቀት ጣልኋቸው። ሊበን ስትሄጂ ብቻሽን አትሄጂም” አለኝ።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልለምንዎ። የወፍጮው ሰዎች ተመልሰው ከመጡ ይሂዱላቸው። ዓይንዎ ቢደክምም አይናለም ታይልዎታለች፤ መስማቱን ማንም አይሰማልዎትም። ሁለተኛው፣ ጋራዡ የእርስዎ ነው። የሰጡኝ በሐሰት ፍርድ ነውና ስጦታው አይጸናም። በሩ ላይ ያለውን ስሜን ትናንት በቀለም አጥፍቼዋለሁ። ልመለስ ቢሉ፣ ወይም ለሌላ ልስጠው ቢሉ፣ ቃል አይወጣኝም። አስተምርሻለሁ ካሉኝ ደግሞ ከመስማት እንጀምራለን፤ አሁንም የምሰማው ጩኸት ብቻ እንደሆነ ይወቁልኝ።

ለኅዳር ጽዮን ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ እንደርሳለን፤ ክንዱ በአውቶቡሱ በዳንግላ አድርጎ ያመጣኛል። የበደለ ሰው በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚመጣ ያውቃሉ። በሴት ልጅ ደንብ አይደለም የሚሉኝ አልጠፉም፤ በሴት ልጅ ደንብ ሞተር መክፈትም የለም። ሽማግሌ አልላክሁም፤ ሌላ ሰው እንዲለምንልኝ አልፈልግም። ከመንገዱ ወርጄ እስከ በረንዳዎ ድረስ በትከሻዬ ተሸክሜ እመጣለሁ። አውርጂው ማለት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ካላሉኝ ተሸክሜው እመለሳለሁ።

እርስዎ ያስተማሯት
ሰብሊ